ካውያ በአውድማ ላይ

ገላው ማለት በቢቸና ከተማ ዳር፣ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወጣው መንገድ በስተግራ፣ የቆርቆሮ ቤትና ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ነው። አምሳ ሊደፍን ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ የሰው ድንበር አይገፋም፤ ጎረቤት ሲጣላ አስታራቂ ሆኖ ይቀመጣል። ታዲያ ይህን የመሰለ ሰው አንድ ጉድ አለበት። ቴሌቪዥን ላይ ያየውን ነገር ካልሞከረ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ሌላው ሰው አይቶ ይስቃል፣ ሻዩን ይጨልጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገላው ግን አፉን ከፍቶ ሲያይ ይቆይና እጁን እያወናጨፈ ይወጣል። ያኔ ሚስቱ እስከዳር ከሩቅ አይታው "መጣልኝ ደግሞ! ዛሬስ ምን አሳይተውት ይሆን?" ትላለች።

ወዳ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት ፈረንጅ ረጅም ዘንግ ይዛ ሮጣ፣ ዘንጉን መሬት ላይ ተክላ፣ ከቤት ጣሪያ በላይ ስትዘል አየ። በነጋታው ከአጥሩ ረጅሙን ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ቅርፊቱን ልጦ፣ የጎረቤቱን አጥር ተሻገረ። መሻገሩንስ በደንብ ተሻግሯል፤ ያረፈው ግን የንብ ቀፎ ላይ ነው። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፋ፤ ክንዱንም ወጌሻ አርባ ቀን አሰረው። ያም ሆኖ ያን ሳምንት የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ዘንግ ተሸክሞ ይዞር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዘንጉ ሁሉ ተፈልጦ ማገዶ ሆነ።

ቀጥሎ ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸውን በወንፊት ሸፍነው፣ በቀጭን ብረት የሚወጋጉ ሰዎች ታዩ። "ይኼማ የኛው ነው!" ተባለና ዱላ ተነሣ። እንግዲህ ጎጃሜ ዱላ ጨብጦ "በጨዋታ ነው" ቢል ማን ያምነዋል? እስከዳር የጠፋ ወንፊቷን ፍለጋ ብትወጣ ባሏ ፊቱ ላይ አስሮት አገኘችው። ጨዋታው ያበቃው ልብስ ሰፊው ስጦታው ግንባሩን ተፈንክቶ ጤና ጣቢያ ሄዶ ከተሰፋ በኋላ ነው።

የዘንድሮው ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ዘንድሮ የመጣው ካውያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጥር መጨረሻ፣ በሐብታሙ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ሐብታሙ የኳሱ ካርድ አልቆበት ሳያሳድሰው ስለቀረ ዲሹ የሚይዝለት አንድ የውጭ ስፖርት ጣቢያ ብቻ ሆነ። ጣቢያው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያሳየው የበረዶ ኦሎምፒክ ነው። ሰው ሌላ የሚያየው የለውምና አየ። መጀመሪያ ተሳቀ። አንዱ ሰውዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ መያዣ ያለው አንዳች ከባድ ነገር በበረዶ ላይ እየገፋ ይንሸራተትና ይለቀዋል። ሁለቱ ደግሞ ፊት ፊቱ እየሮጡ መሬቱን በመጥረጊያ ይፈገፍጋሉ። ከኋላ የቀረው ይጮሃል። ሲጮህ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ነው።

"ይኼ ነገር ምንድን ነው?" አለ ገላው።

ስጦታው፣ ያ ግንባሩ የተሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። "ካውያ ነው! በእመቤቴ፣ ካውያ ነው! መያዣው አይታያችሁም? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝኩት የከሰል ካውያ ይጠፋኛል?"

"መጥረጊያውስ?"

"አመዱን ነዋ የሚጠርጉት! የከሰል ካውያ አመድ ያራግፍ የለ?"

ቤቱ በሙሉ "አሃ!" አለ። ከወለጋ ተመድቦ የመጣ አንድ የሒሳብ መምህር ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ድንጋይ ነው እኮ፤ ጨዋታው ከርሊንግ ይባላል። ያ የሚጮኸው ሰውዬም 'ጥረግ፣ ጥረግ' ነው የሚለው" ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። ከተናገረው ሁሉ ሰው የወሰደለት "ጥረግ" የምትለዋን ብቻ ነው። ድንጋይ መሆኑንማ ማን ይቀበለዋል? መቼም ፈረንጅ ሞኝ አይደል፣ ድንጋይ አይገፋም ተባለ።

ካውያ ተገኘ፤ መጥረጊያም ሞልቷል። የጠፋው የሚንሸራተትበት ሜዳ ነው። አስፋልቱ ላይ ተሞክሮ የስጦታው ካውያ ሆዱ ተፋቀ። የሻይ ቤቱ ሲሚንቶ ጠባብ ሆነ። ያኔ ገላው ያቺን ቃል ተናገረ። ማንም አልጠየቀውም፤ ማንም አልገፋውም።

"የእኔ አውድማ እኮ መስታወት ነው" አለ።

እውነቱን ነው፤ አውድማው መስታወት ነበር። መስታወት ያደረገችው ግን እስከዳር ናት። ሦስት ጊዜ በእበት ለቅልቃ፣ በእጇ መዳፍ ዳብሳ፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ መልሳ አሽታው ነው እንዲያ የሆነው። ከአውድማው አጠገብ የዓመቱ ነጭ ጤፍ ተከምሯል። ያ ክምር ተራ ክምር አይደለም። ልጃቸው ጸደንያ ለሞጣው ልብስ ሰፊ ለአቶ ፍቅረ ሥላሴ ልጅ ታጭታለች፤ ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ማግሥት ተቆርጧል። የድግሱ እንጀራ እዚያ ክምር ውስጥ ነው። የቤቱም የዓመት ቀለብ እዚያው ነው። የካቲት ገብቷል፤ ሰማዩ ሳይቀየር ያ ጤፍ ተወቅቶ ጎተራ መግባት አለበት። እስከዳር ሌት ተቀን የምታስበው ይህንን ብቻ ነበር።

የካቲት ሁለት፣ ሰኞ፣ ወንፈል ተጠራ። ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ እየተባባሉ ጉልበት የሚዋዋሱ አሥር ጎረቤቶች መንሻቸውን ይዘው መጡ። እስከዳር ጠላ ጠምቃ፣ ሽሮ ሠርታ ጠበቀች። ስጦታውም መጣ፤ ነገር ግን መንሽ አልያዘም። አሸዋ የተሞሉ አራት ካውያዎች በጆንያ ተሸክሟል።

"ሰው እስኪሰባሰብ አንድ ዙር ብቻ" አለ ገላው።

እስከዳር አውድማው ዳር ቆመች። "ጫማህን አውልቅ! ሁላችሁም አውልቁ! የእህል ቦታ በጫማ አይረገጥም!" ብላ ጮኸች። ምስኪን፣ በባዶ እግር ቢረግጡት የሚተርፍላት መስሏት ነበር። ጫማቸውን በሥርዓት አወለቁ። በአመድ ክብ ተሠመረ፤ በከሰል መኻሉ ተነጠበ፤ ካውያው ወደ ነጥቡ የቀረበለት ያሸንፋል ተባለ። ካውያው ይገፋል፣ ሦስት ክንድ ያህል ሄዶ ይቆማል። "ጥረግ! ጥረግ!" ይባላል፤ ሁለት ሰው ይጠርጋል፤ የቆመው ካውያ ግን እንደቆመ ነው። ይኼ ሁሉ ድካም ለሦስት ክንድ! በስድስት ሰዓት መንሻቸውን አጥር ላይ አስደግፈው አሥሩም ተራ ይጠብቁ ነበር። ማታ ጠላው አለቀ፤ ከክምሩ ግን አንዲት ነዶ አልተነካችም።

"ጤፉስ?" አለች እስከዳር።

"ጤፉ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?" አላት።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። በሦስት ቀን ውስጥ ቢቸና ውስጥ ካውያ ጠፋ። ዲያቆኑ የተጨማደደ ቀሚስ ለብሶ ቆመ። የመንግሥት ሠራተኛው ሱሪውን ፍራሽ ሥር እያሳደረ መልበስ ጀመረ። የወረዳው የስፖርት ባለሙያም ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣ። ይህ ባለሙያ መረብ ኳስ የሚጫወቱ ሴት ተማሪዎች አንድ መረብ ቢጠይቁት ለሦስት ዓመት "በዕቅድ ተይዟል" ሲል የኖረ ሰው ነው። ካውያውን ባየ በአራተኛው ቀን ግን ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ። ከሰባቱ ካውያ የነካ አንድም የለም። "በካውያ ስፖርት ሦስት ሺህ ወጣቶች ተጠቃሚ ሆነዋል" የሚል ሪፖርትም ጻፈ። የተጫዋቾቹን ቁጥር ልንገራችሁ? ሃያ ሁለት ናቸው። አብዛኞቹም የልጅ አባት ናቸው።

ወሬው ሞጣ ደረሰ። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ለገላው ደወሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሰላምታቸው ብቻ አንድ ስኒ ቡና ያስጠጣል። ከሰላምታው በኋላ ግን ድምፃቸው ተለወጠ።

"አማቼ፣ ምነው እኛን ሳትነግሩን? ካውያ እኮ የእኛ ሙያ ነው። ሞጣ ቢቸናን በካውያ ሳያሸንፍ ቢቀር ለእኔ ሞት ነው!"

"ይምጡና እንተያያ!" አለ ገላው።

ግጥሚያው የበረዶው ኦሎምፒክ ለሚዘጋበት እሑድ ተቀጠረ። እስከዚያው ልምምድ ነው። ጎረቤቶቹ ከአንድ ሰሞን በኋላ ነቃ አሉና በየአውድማቸው መውቃት ጀመሩ። ገላውንም በወንፈሉ ወግ ጠሩት፤ ተራው ነበርና። "ልምምድ ላይ ነኝ" ብሎ አንድም ቀን አልሄደም። እነሱም ዝም አሉ። ዝም ማለታቸውን እስከዳር አየች፤ እሱ አላየም። የሁሉም ጤፍ ገባ። ከመንገዱ በግራም በቀኝም ሜዳ ላይ የቀረው የገላው ክምር ብቻ ሆነ።

ዓርብ ዕለት እስከዳር እግሩ ላይ ወደቀች ማለት ይቻላል። "ዛሬና ነገ እንውቃው። እኔና ጸደንያ እንነዳለን፤ አንተ ታገላብጣለህ። በሬዎቹ አሉ። ሰው አያስፈልገንም።"

"አሁን በሬ ከገባበት አውድማው ይሻክራል። እሑድ ዋንጫ፣ ሰኞ ውቂያ!"

"አንተ ሰው፣ የጮቄን ተራራ ቀና ብለህ እየው። ጠቁሯል።"

"ሁልጊዜ ይጠቁራል።"

"እንግዲያው ሸራውን ስጠኝ፣ ክምሩን ላልብሰው።"

ገላው አንገቱን አከከ። ሸራውን ለኮሚቴው አውሶታል። ለክብር እንግዶች ዳስ ይሆናል ተብሎ ጠዋት ወስደውታል። እስከዳር ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ ጸደንያ አጠገብ ተቀመጠች። ጸደንያ የጥልፍ ቀሚሷን እየቋጨች ነበር፤ ሁሉንም በግድግዳው ሰምታለች። "እማዬ፣ ዝናብ ባይመጣስ?" አለች። እናት ልጇን አቅፋ አለቀሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞጣዎች በአይሱዙ ተጭነው፣ እየዘፈኑ፣ ዘጠኝ ካውያ ይዘው መጡ። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ከሾፌሩ አጠገብ ነበሩ፤ ኮትና ክራቫት አድርገዋል። የሞጣው ካውያ ሁሉ ሆዱ በሰም ታሽቷል። ቢቸናዎች ይህን ሲያዩ ደንገጥ አሉ፤ "ሰም ይፈቀዳል ወይ?" የሚል ክርክር ተነሣና ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እንግዶቹ ከሸራው ሥር ተቀመጡ። ከሸራው ውጭ፣ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ክምሩ ራቁቱን ቆሟል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጥቡ እኩል ለእኩል ሆነ። አንድ ካውያ ቀረ፤ እሱም የገላው ነው። የስፖርት ባለሙያው "ከመጨረሻው ውርወራ በፊት አጭር መልእክት" አለና ወረቀት ዘረጋ። "ይህ ስፖርት ለወረዳችን ገጽታ ግንባታ..." ሲል የመጀመሪያዋ ጠብታ ወረቀቱ ላይ አረፈች።

ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ።

እስከዳር እየሮጠች መጥታ የሸራውን ገመድ ያዘች። "ፍቱልኝ! እናንተ ሰዎች፣ ፍቱልኝ!"

"እመቤቴ፣ ንግግር ላይ ነን እኮ!" አላት ባለሙያው። የተነሣ የለም። ጭራሽ ውጭ የቆመውም ሰው ዝናቡን ሽሽት ከሸራው ሥር ገባና ገመዱን እንኳ የምትፈታበት ቦታ አጣች። "ገላው!" ብላ ጮኸች። "ገላው፣ ጤፉ!"

ሰማት። አልሰማሁም እንዳይል ዞር ብሎ አይቷታል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት እግሩ ሥር ያለው እበት ረጥቦ አሟለጨ። ስጦታው መጥረጊያውን ይዞ በቂጡ ቁጭ ብሎ እስከ ክቡ ድረስ ተንሸራተተ። "በረዶ ሆነ! ኧረ በረዶ ሆነ!" ብሎ ጮኸ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሦስት ክንድ የሄደ ካውያ አሁን ቢለቁት የትና የት ይደርሳል! ገላው አንድ ጊዜ ሚስቱን፣ አንድ ጊዜ ካውያውን አየ። "ይቺን ብቻ" አለ። ተንበረከከ፤ ገፋ፤ ለቀቀ።

"ጥረግ! ጥረግ!"

ካውያው በቴሌቪዥን እንዳዩት እየተንሳፈፈ ሄደ። ሁለቱ ጠራጊዎች እየወደቁ እየተነሡ ጠረጉ። ክቡ ውስጥ ገባ፤ የሞጣን ካውያ ገጭ አድርጎ አስወጣና ነጥቡ ላይ ቆመ። ቢቸና አሸነፈ! ገላውን በትከሻቸው አነሡት፤ ዝናቡ እየቀጠቀጣቸው ዘፈኑ። እሱም እጁን ዘርግቶ ሳቀ፤ በዕድሜው እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ከዚያ ከትከሻቸው ላይ ሆኖ ክምሩን አየ። ውኃው በነዶዎቹ መካከል እየወረደ ከሥር ቡናማ ሆኖ ይፈሳል። ሚስቱና ልጁ በነጠላቸው ክምሩን ሊሸፍኑ ይታገላሉ።

"አውርዱኝ" አለ። ዘፈኑ ስለበዛ ማንም አልሰማውም።

ከዳሱ መጀመሪያ የወጡት አቶ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው ክምሩ ላይ ጣሉ። አንድ ኮት ምን ይሸፍናል? "የማን ክምር ነው ይኼ?" አሉ፣ ውኃው በክራቫታቸው እየወረደ።

እስከዳር ቀና ብላ አየቻቸው። "የልጅዎ ሰርግ ነው" አለቻቸው።

ሰውየው ሄደው ሸራውን በገዛ እጃቸው ፈቱት፤ የክብር እንግዶቹም ያኔ ቀመሱት። ግን ምን ዋጋ አለው? ሸራው ሲደርስ ክምሩ እስከ ሆዱ ርሶ ነበር። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም።

በአራተኛው ቀን ሸራውን ሲገልጡት ጤፉ በቅሏል። ክምሩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ከሥር ያለው ሻግቶ ይሸታል። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ደውለው እንደ ልማዳቸው ረጅም ሰላምታ ሰጡ፤ ከዚያ "ለከርሞ ጥር እናድርገው፤ እህልም ይደርሳል፣ ሰውም ይረጋጋል" አሉ። ጨዋ ናቸው ብያለሁ፤ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ጸደንያ የጥልፍ ቀሚሷን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተች፤ ከአባቷ ጋር ግን እንደ ድሮው ታወራለች፤ እሱ ነው ዓይኗን ማየት የተሳነው።

ካውያውስ? የበረዶው ኦሎምፒክ ተዘጋ፤ ሐብታሙም ካርዱን አሳደሰ፤ ኳስ ተመለሰ። ስጦታው ከካውያው አሸዋውን ደፍቶ ከሰል ሞላው። ዲያቆኑ የተተኮሰ ለበሰ። ባለሙያው የተሳትፎ ምስክር ወረቀት በማኅተም አድርጎ ለገላው ላከለት፤ ስሙን "ጌታው" ብሎ ነው የጻፈው። ኮሚቴው አሁንም አልፈረሰም፤ በየወሩ ይሰበሰባል ይባላል።

ፀሐይ በወጣ በስምንተኛው ቀን ገላው ከጤፉ ይተርፍ እንደሆን ብሎ የረጠበውን አውድማው ላይ አሰጣው። ጎረቤቶቹን ለወንፈል አልጠራቸውም፤ ምን አፍ ኖሮት ይጠራቸዋል? በሬዎቹን ብቻውን ነዳ። ብቻውን አነፈሰ። የጠቆረችውን ፍሬ ከጭቃው ለመለየት በመጥረጊያ እየሰበሰበ፣ አጎንብሶ፣ በባዶ እግሩ ይጠርጋል። እስከዳር ወዲያ ማዶ ሰፌድ ይዛ ተቀምጣ ታበጥራለች። ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረችውም።

በመንገዱ እነ ስጦታው ኳስ ሊያዩ ወደ ሐብታሙ ቤት ሲወርዱ አዩት። በትከሻቸው የተሸከሙት እነዚያው ናቸው።

"አያ ገላው! አሁንም አልተዉትም እንዴ?" አለ አንዱ። ተሳሳቁ። አንዱ ደግሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ጥረግ! ጥረግ!" ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። እየጮሁ፣ እየሳቁ አለፉ።

ገላው መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመ።

እስከዳር ከሰፌዷ ቀና አለች።

"ሰማህ አይደል?" አለችው። "ጥረግ እንጂ።"

ጠረገ።